የሥነ ፈለክ ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ከየት ይገኛል? ዋናውን ሰነድ ነው የምፈልገው

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ቤተሰብ። የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሥነ ፈለክ ክበብ አለን፣ ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል በኋላ እንሰበሰባለን። ልጆቹ በፊት ስለ ብላክ ሆል ብቻ ነበር የሚጠይቁት፣ አሁን ግን ጥያቄያቸው ወደ ታሪኩ ዞሯል። ጋሊሊዮ በቴሌስኮፑ ያየውን ራሱ ምን ብሎ ጻፈው? ግርዶሽን አስቀድሞ ማስላት ከየት መጣ? እኛ አገርስ ምን ነበር?

መልሱን ከየት እንደማመጣው ነው የቸገረኝ። ዩቲዩብ ላይ ያለው አንዱ ከአንዱ የተገለበጠ ነው። አንዱ ጋሊሊዮ በእሳት ተቃጠለ ይላል። የተቃጠለው ጆርዳኖ ብሩኖ ነው፣ በ1600። ጋሊሊዮ በ1633 ተፈርዶበት በቁም እስር ኖሮ በ1642 ነው የሞተው። ሌላው ደግሞ ቴሌስኮፕን የፈለሰፈው ጋሊሊዮ ነው ይላል። ሃንስ ሊፐርሼይ የሚባል መነጽር ሠሪ በ1608 ሆላንድ ውስጥ የባለቤትነት መብት ጠይቆበታል፣ ጋሊሊዮ ወሬውን ሰምቶ ነው የራሱን የሠራው። ይህን ያህል የታወቀውን ነገር ከሳቱ ሌላውን እንዴት ልመናቸው?

ስለዚህ ዋናውን ሰነድ ነው የምፈልገው። በነጻ የሚገኝ፣ በስልክ የሚከፈት፣ ዳታ የማይጨርስ ቢሆን ደስ ይለኛል። እባካችሁ ፊልም አትላኩልኝ። የምታውቁ ተባበሩኝ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

እንጦጦ_ማዶ፦

መምህር፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ኤዲኤስ ጋ ሂድ። ናሳ ገንዘብ የሚመድብለት፣ ሃርቫርድ ያለው የስሚዝሶኒያን የምርምር ማዕከል የሚያስተዳድረው የሥነ ፈለክ ጽሑፎች መፈለጊያ ነው። ጉግል ላይ «ናሳ ኤዲኤስ» ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ፣ ወዲያው ይመጣል። ሳትመዘገብና ሳትከፍል ትፈልጋለህ። ብዙ ሰው የተመራማሪዎች መሣሪያ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ግን የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጽሔቶች ገጽ በገጽ ስካን ተደርገው የተቀመጡት እዚያ ነው። ከ1970 ጀምሮ የሚወጣው የሥነ ፈለክ ታሪክ መጽሔትም የድሮ እትሞቹ እዚያው ይገኛሉ።

አንድ በተግባር ላሳይህ። የደራሲውን ስም ሌቪት፣ ዓመቱን 1912 አድርገህ ፈልግ። የሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ሰርኩላር ቁጥር 173 ይወጣልሃል። ሦስት ገጽ ብቻ ናት። ሄንሪየታ ሌቪት ትንሹ የማጀላን ደመና (ከእኛ ጋላክሲ አጠገብ ያለች ትንሽ ጋላክሲ) ውስጥ ያሉ 25 ተለዋዋጭ ከዋክብትን ከፎቶ መስታወት ላይ ለክታ፣ ብርሃኑ የበረታ ኮከብ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ የሚልበት ጊዜም ረጅም መሆኑን ታሳያለች። ሠንጠረዡ አለ፣ ግራፉም አለ። በኋላ ኤድዊን ሀብል አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ እንደሆነች ያረጋገጠው በዚህች ግኝት ላይ ቆሞ ነው።

አሁን ገጹን ልብ ብለህ እየው። መጨረሻ ላይ ያለው ስም የአለቃዋ የኤድዋርድ ፒከሪንግ ነው። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ግን ይህን ያዘጋጀችው ሚስ ሌቪት ናት ትላለች። ልጆችህ ይህን በዓይናቸው ሲያዩት ማን ሠራው፣ ማን ፈረመበት በሚለው ላይ ራሳቸው መከራከር ይጀምራሉ። እኔ ለዚህ ነው ዋናውን ገጽ የምወደው።

እነዚያ የፎቶ መስታወቶችም ስካን ተደርገዋል፣ ከ400 ሺህ በላይ ናቸው። እንደ ሌቪት እዚያው ኦብዘርቫቶሪ ይሠሩ የነበሩት ሴቶች የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ ደብተሮችም «ፕሮጀክት ፌድራ» በሚል ስም ወጥተዋል። በጎ ፈቃደኞች ፊደል በፊደል ወደ ኮምፒውተር ገልብጠዋቸዋል።

መምህሩ፦

ኧረ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ! ሌቪትን አሁኑኑ ከፈትኳት፣ በስልኬ ያለ ችግር መጣች። ሦስት ገጽ ስለሆነች አትም ላደርጋት ነው። የጋሊሊዮስ?

ትዕግሥት_ዳላስ፦

መምህር፣ የጋሊሊዮን እኔ ልንገርህ፣ በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልረዝም ነው።

የምትፈልገው መጽሐፍ በላቲን «ሲዴሬዎስ ኑንቺየስ» ይባላል። መጋቢት 1610 ቬኒስ ላይ ነው የታተመው። ኢንተርኔት አርካይቭ (የድሮ መጻሕፍት በነጻ የሚገኙበት ድረ ገጽ) ላይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ትርጉሙ አለ፣ የላቲኑ የመጀመሪያ እትም ስካን ደግሞ ከብዙ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ካንሳስ ሲቲ ያለው የሊንዳ ሆል ቤተ መጻሕፍት እና ፍሎረንስ ያለው የጋሊሊዮ ሙዚየም ገጾች ላይ ጀምር። ላቲን አላውቅም ብለህ እንዳትተወው። ምክንያቱም ጋሊሊዮ የጁፒተርን ጨረቃዎች ያሳየው በመስመር መሐል ነው። ትልቅ «ኦ» ጁፒተር ናት፣ ከግራና ከቀኝ ያሉት ትንንሽ ኮከቦች ደግሞ አጠገቧ ያያቸው ናቸው። ጃንዋሪ 7 ሦስት ኮከብ፣ ሁለት በምሥራቅ አንድ በምዕራብ። ጃንዋሪ 8 ሦስቱም በምዕራብ። ጃንዋሪ 13 አራት ሆኑ። ገጽ በገጽ ስትገልጠው ሰውየው ሲገባው ታየዋለህ። ላቲን የማይችል ተማሪም ይከተለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ዋና ሰነድ ነው የተባለ ሁሉ ዋና አይደለም። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት እንደ ትልቅ ሀብት ይዞት የነበረ የጋሊሊዮ ነው የተባለ አንድ ወረቀት ነበር፣ ከላይ የደብዳቤ ረቂቅ፣ ከታች የጁፒተር ጨረቃዎች። ኒክ ዊልዲንግ የሚባል የታሪክ ተመራማሪ ወረቀቱ ውስጥ ያለውን የውሃ ምልክት፣ ማለትም ብርሃን ላይ ሲያዙት የሚታየውን የወረቀት ፋብሪካ ማኅተም፣ መረመረው። ምልክቱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ተገኘ። ጋሊሊዮ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ የተሠራ ወረቀት ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ2022 ሐሰተኛ መሆኑን በይፋ አስታወቀ። ስለዚህ የሆነ ብሎግ ላይ «የጋሊሊዮ የእጅ ጽሑፍ» የሚል ፎቶ ብታይ የትኛው ቤተ መጻሕፍት እንደያዘው፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ፈልግ። ይህ ከሌለው ለልጆቹ አታሳያቸው።

«ግን ትንቀሳቀሳለች» ብሎ ፍርድ ቤት ውስጥ አጉረመረመ የሚባለውንም እንዲሁ። ከፍርዱ መዝገብ ላይ የለም። በ1757 በታተመ መጽሐፍ ላይ ነው በሰፊው የተሰራጨው።

እና ደግሞ የቅርቡን ታሪክ ከፈለግህ የአሜሪካ የፊዚክስ ኢንስቲትዩት ከሳይንቲስቶች ጋር ያደረጋቸው ረጃጅም ቃለ መጠይቆች በጽሑፍ ወጥተዋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ የቬራ ሩቢንም የጆስሊን ቤልም አለ። ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ክበቡ ውስጥ ሴት ልጆች ካሉ በተለይ የሩቢንን ስጣቸው፣ ልጆች እያሳደገች እንዴት እንደተማረች ራሷ ናት የምትናገረው።

ባሕረ_ሐሳብ (ጎንደር)፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር። «እኛ አገርስ» ላሉት እኔ ልመልስ። በግእዝ በኩል ያደግሁ ሰው ነኝ።

መጽሐፈ ሄኖክን ይክፈቱ፣ ከምዕራፍ 72 እስከ 82። ሙሉውን የጠበቀው ግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ገባ፣ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የቆዩት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ ይገኛሉ፣ ግእዙ ደግሞ እጃችን ላይ ነው።

ምዕራፍ 72ን ከልጆቹ ጋር አብረው ያንብቡት። በምሥራቅ ስድስት ደጅ፣ በምዕራብ ስድስት ደጅ አለ፣ ፀሐይ በየወሩ ከደጅ ወደ ደጅ እየተዛወረች ትወጣለች። ዕለቱና ሌሊቱ ተደምረው 18 ክፍል ናቸው። ፀሐይ በአራተኛው ደጅ ስትወጣ ቀኑ 10 ክፍል ሌሊቱ 8 ይሆናል። በአምስተኛው 11 እና 7፣ በስድስተኛው 12 እና 6። ቀኑ የሌሊቱን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ዓመቱ 364 ቀን ነው።

አሁን ይህን ከሰማዩ ጋር ያስተያዩት። ጎንደር ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ኢየሩሳሌምም ላይ ቢሄዱ ረጅሙ ቀን 14 ሰዓት ገደማ ነው፣ የሌሊቱን እጥፍ አይሆንም። ይሄው እጥፍ ስሌት ግን በባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ላይ፣ «ሙል አፒን» በሚባለው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ምሁራን የሄኖክን የፈለክ ክፍል ከባቢሎን ትምህርት ጋር የሚያያይዙት ከዚህ ነው። ልጆቹ በእጅ ሰዓታቸው ሊፈትኑት የሚችሉት ነገር ነው።

ሁለተኛው ባሕረ ሐሳብ፣ የጾምና የበዓል ቀን ማውጫው ስሌት ነው። ለ2018 ዓ.ም. አብረን እናስላ። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12፣ አበቅቴ። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18፣ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30። ከዚህ ነው ጾሙም ፋሲካውም የሚወጣው። ይህ 19 ዓመት የፀሐይና የጨረቃ መገናኛ ነው፣ ባቢሎኖችም ያውቁት ነበር፣ አቴና ላይ ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አውጆታል፣ እኛ ዘንድ በእስክንድርያ በኩል ነው የደረሰው።

የት ይገኛል ላሉት፦ ሚኔሶታ ኮሌጅቪል ውስጥ ያለው የሂል የብራና መዘክር ዋናው ነው። ከ1973 ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ በማይክሮፊልም የተነሡት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች እዚያ አሉ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ካታሎግ ነው። መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ክፍያ ግን የለውም። መፈለጊያው ላይ «አቡሻኽር» ብለው በላቲን ፊደል ይጻፉ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው የዘመን ቁጥር መጽሐፍ ነው። «ኮምፑተስ» (በላቲን የዘመን ስሌት ማለት ነው) ብለው ቢፈልጉም ብዙ ይመጣል። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» የሚባል ፕሮጀክትም የየትኛው ብራና ውስጥ ምን እንዳለ ይዘረዝራል። ሁሉንም ሰብስቦ የጻፈው ኦቶ ኖይገባወር ነው፣ በ1979፣ እሱን ማግኘት ግን ለብቻው ሥራ ነው።

ሠረገላ፦

ጥሩ ነው ግን ለምንድነው ሁሉን ነገር ባቢሎን ባቢሎን የምትሉት? የከዋክብትን ትምህርት የጀመሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ግሪኮች ራሳቸው ጽፈውታል። ሉቅያኖስ የሚባለው ጸሐፊ ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ አገኙት፣ ከዚያ ለግብጻውያን አስተላለፉት ብሏል። ለልጆቹ ይሄን ብትነግራቸው አይሻልም መምህር?

እንጦጦ_ማዶ፦

ሠረገላ ወንድሜ፣ ጥቅሱ በእውነት አለ፣ ከኪስህ አላወጣኸውም። «ስለ ኮከብ ቆጠራ» የሚባል የግሪክኛ ጽሑፍ ነው፣ በሉቅያኖስ ስም የሚታወቅ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን ይገኛል። ስለዚህ ለልጆቹ እናሳያቸው እላለሁ። ግን ሙሉውን እናሳያቸው። ጸሐፊው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. የኖረ ሰው ነው፣ ያ ጽሑፍ በእርግጥ የሱ መሆኑን የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ። እሱ የሚያወራው ከሱ በፊት ሺህ ዓመታት ስላለፈው ዘመን ነው፣ የሰማውን ነው የሚነግረን። የባቢሎኑ ግን ጽላቱ ራሱ አለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ጽላቶችን ፎቶ ሲዲኤልአይ የሚባለው የሸክላ ጽሑፎች ማኅደር ላይ ማየት ይቻላል፣ ቬነስ መቼ ታየች መቼ ጠፋች የሚል መዝገብ የያዘው የአሚሳዱቃ ጽላትን ጨምሮ። አንዱ ወሬ ነው፣ አንዱ ምልከታ ነው።

የኛ ድርሻ ደግሞ ሉቅያኖስን አይፈልግም። ሌላው ዓለም ያጠፋውን የፈለክ መጽሐፍ ሙሉውን ገልብጦ ያቆየ አገር ነው። ያ የተጨበጠ ነው፣ ብራናው አለ።

ሠረገላ፦

እሺ፣ ጽላቱን አይቼ እመለሳለሁ። ግን ሉቅያኖስንም አትተዉት፣ ግሪኮች እንዴት እንዳሰቡን ያሳያል።

እንጦጦ_ማዶ፦

በዚያ እስማማለሁ።

አበራሽ_ነታንያ፦

ስለ ሄኖክ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ያለሁት እስራኤል ነው። ኩምራን ዋሻ ውስጥ የሄኖክ የፈለክ ክፍል በአራማይክ ተቆራርጦ ተገኝቷል፣ አራት ቅጂ ነው፣ ቁጥሩ 4ኪው208 (በላቲን ፊደል 4Q208) እስከ 211። የእስራኤል የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ከጎግል ጋር ሆኖ በ2012 የሙት ባሕር ጥቅሎችን የሊዮን ሌቪ ዲጂታል ላይብረሪ ብሎ ከፍቷል። ቁጥሩን አስገብታችሁ ቁርጥራጮቹን እስከ ቆዳው ስንጥቅ ድረስ አጉልታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ነጻ ነው።

በጣም ደስ የሚለው ነገር፣ አራማይኩ ላይ ጨረቃ በየሌሊቱ ምን ያህል እንደምታበራ የሚናገር በጣም ረጅም ሠንጠረዥ መሰል ክፍል አለ። ግእዙ ላይ ያ ክፍል አጥሯል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሞላል። ግእዙ ባይኖር ኖሮ ቁርጥራጮቹ የየትኛው መጽሐፍ ክፍል እንደሆኑ ለማወቅ በጣም በከበደ ነበር። አባቴ ሄኖክን ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማ ነበርና ፎቶውን ሳሳየው ብዙ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ አንድ ምሽት ሙሉ አወራን።

የኒውተንም አለን። ስለ ሃይማኖትና ስለ ጥንት የዘመን ቁጥር የጻፋቸው የእጅ ጽሑፎች ብዙዎቹ እስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው፣ ስካናቸው ወጥቷል። የሳይንሱ ወረቀቶች ግን ካምብሪጅ ዲጂታል ላይብረሪ ላይ ናቸው።

ከማል_ሪያድ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። የዐረቦቹን ማንም አላነሣም፣ ስለዚህ እኔ ላንሣ። ኳታር ዲጂታል ላይብረሪ የሚባል አለ፣ ኳታሮች ከብሪቲሽ ላይብረሪ ጋር የሠሩት፣ ከ2014 ጀምሮ። በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ይሠራል። የዐረብኛ የሳይንስ ብራናዎች ከነሙሉ ገጻቸው አሉ። እኔ ሥራ ስጨርስ ማታ ማታ አየዋለሁ፣ ዐረብኛዬ የገበያ ቢሆንም ሥዕሉና ሠንጠረዡ ይገባኛል።

የአል ሱፊን የቋሚ ከዋክብት መጽሐፍ ፈልጉ። በ964 ኢስፋሃን ነው የጻፈው። 48 የከዋክብት ስብስቦችን እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ሥሏል፣ አንዱን ከምድር ሆነን እንደምናየው፣ አንዱን በሰማይ ሉል ላይ ከውጭ ሆኖ እንደሚታይ። አንድሮሜዳ ላይ «ትንሽ ደመና» ብሎ ያመለከታት ነገር ያቺው ሀብል በኋላ ጋላክሲ ናት ያላት ናት። እንጦጦ_ማዶ ከላይ ስለ ሀብል ስላወራ ነው ያነሣሁት፣ ሁለቱን አያይዛችሁ አስተምሩ። በጣም ያማረው ቅጂ፣ ለሳማርካንዱ ገዥ ለኡሉግ ቤግ የተሠራው፣ ፓሪስ ነው ያለው፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» ላይ ዐረብኛ 5036 ብላችሁ ፈልጉት።

ናቲ_12ኛ፦

እኔ ተማሪ ነኝ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ አስታውሳለሁ። የድሮ ግርዶሾችን ማወቅ ይቻላል? ለምሳሌ በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ላይ ፀሐይ ጨለመች የሚል ቢኖር እውነት መሆኑን ማረጋገጥ?

ትዕግሥት_ዳላስ፦

ናቲዬ፣ ይቻላል! የናሳ የግርዶሽ ገጽ አለ፣ ፍሬድ ኤስፔናክ ያዘጋጀው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2000 ገደማ ጀምሮ እስከ 3000 ዓ.ም. ድረስ ያሉ 11,898 የፀሐይ ግርዶሾች ተሰልተው ከነካርታቸው ተቀምጠዋል። ክፍለ ዘመኑን ምረጥ፣ ጥላው ኢትዮጵያን የነካበትን ካርታ ፈልግ። በከተማ የሚያሰላም አለው፣ አፍሪካን ምረጥ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፣ ከ1582 በፊት ያሉት ቀኖች በጁልየን፣ ማለትም በድሮው የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ ዜና መዋዕሉ ደግሞ በኛ ነው። ከኛው ወደ ጁልየን ቀይረህ ነው ማስተያየት ያለብህ። ከዜና መዋዕል አንድ ካገኘህ እዚህ አምጣው፣ አብረን እንየው።

ናቲ_12ኛ፦

እሺ እህቴ፣ እፈልጋለሁ። ደግሞ በ2019 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለኢትዮጵያ የተሰጠው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» የተባለው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ገጽ ላይ አለ፣ ኮከቡ ኤችዲ 16175 ነው። ይህም ታሪክ ነው ብዬ ነው።

ሐምቡርግ_ያለሁ፦

ከማል ጋሊካን ስላነሣ አንድ ልጨምር። አንቷን ደ አባዲ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1838 ምጽዋ ደርሶ እስከ 1848 ኢትዮጵያ ውስጥ ቆይቷል። ተራራ ላይ እየወጣ፣ ቴዎዶላይቱን (የማዕዘን መለኪያ መሣሪያውን) እየተከለ፣ ከዋክብትን እየለካ ነው የአገሪቱን ካርታ የሠራው። የልኬቱ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ከ1860 ጀምሮ በክፍል በክፍል ወጥቷል፣ ስካኑ ይገኛል። ፈረንሳይኛ ባትችሉም ቁጥሮቹን ታነባላችሁ፣ የምታውቁትን ተራራ ስም ታገኛላችሁ። የሰበሰባቸው ከ200 በላይ ብራናዎች ፓሪስ ናቸው፣ ብዙዎቹ ጋሊካ ላይ ወጥተዋል። ከነሱ ውስጥ ቁጥር 35 እና 55 ሄኖክ ናቸው። ባሕረ_ሐሳብ፣ ምዕራፍ 72ን ከነዚህ ላይ በራሱ በብራናው ማሳየት ይቻላል።

ብራናዎቹ እዚህ አውሮፓ መቅረታቸው ያሳዝነኛል፣ አልዋሽም። ቢያንስ ገጻቸው ደብረ ብርሃን ይድረስ።

ባሕረ_ሐሳብ (ጎንደር)፦

አየሁት። ጽሕፈቱ ጥርት ያለ ነው። መምህር፣ ከፈለጉ የገጹን ቁጥር ፈልጌ አመጣልዎታለሁ።

መምህሩ፦

ቤተሰብ፣ ምን ብዬ ላመስግናችሁ። አባ ባሕረ ሐሳብ፣ የገጹን ቁጥር እጠብቃለሁ። ከዚህ ሁሉ ሁለቱን መርጫለሁ፣ የጋሊሊዮን ገጾችና የሄኖክን 72። ዳታውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የሚወርደው ፋይል በጣም ከባድ ሆነብኝ። የትምህርት ቤቱ ዋይፋይም አይችለውም።

ትዕግሥት_ዳላስ፦

መጽሐፉ ገጽ ላይ ከሥር የማውረጃ አማራጮች አሉ፣ ፒዲኤፉን ተውና «ፉል ቴክስት» የሚለውን ንካ። ጽሑፉ ብቻ ይመጣል፣ በጣም ቀላል ነው። አንዳንዱ ፊደል ይሳሳታል ግን ይነበባል። ሥዕሉን ስትፈልግ የምትፈልገውን ገጽ ብቻ ኦንላይን ከፍተህ ስክሪንሾት አድርገው፣ ሙሉውን አታውርድ።

እንጦጦ_ማዶ፦

በዚህ ላይ ስቴላሪየምን ጨምርበት። ነጻ ፕሮግራም ነው፣ አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቦታውን ፓዱዋ፣ ጣሊያን አድርግ። ቀኑን ጃንዋሪ 7፣ 1610፣ ሰዓቱን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ጁፒተርን ፈልገህ አጉላ። የጋሊሊዮን ሥዕል ከጎኑ አስቀምጥና ልጆቹ ራሳቸው ያስተያዩት። ከዚያ ቀኑን አንድ አንድ እየጨመርክ እስከ 13 ሂድ።

መምህሩ፦

አሁን ቤት ሆኜ ሞከርኩት። ይገርማል፣ ይመጣል! ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እሱ ጃንዋሪ 7 ሦስት ኮከብ ነው የሣለው፣ እኔ ሳጎላው አራቱም አሉ። ልጆቹ ይህን መጠየቃቸው አይቀርም።

እንጦጦ_ማዶ፦

በጣም ጥሩ ነው ያየኸው። ምሥራቅ በኩል ያሉትን ተመልከት፣ አዮ እና ዩሮፓ የሚባሉት ሁለቱ ጨረቃዎች በዚያ ሌሊት በጣም ተቀራርበው ነበር። የሱ ቴሌስኮፕ ሃያ ጊዜ ገደማ ነው የሚያጎላው፣ ሁለቱን መለየት አልቻለም፣ እንደ አንድ ኮከብ ነው የሣላቸው። አሁን ማጉያውን ቀስ እያልክ መልሰህ ቀንሰው፣ የት ላይ ሲደርስ ሁለቱ አንድ እንደሚሆኑ ልጆቹ ይንገሩህ።

መምህሩ፦

ሐሙስ በዚሁ ነው የምንጀምረው።